ሦስተኛው የግራ መታጠፊያ

ሰኞ፣ ጥቅምት 9

ደግሞ ቆመች። እዚያው ቦታ! ሊማሊሞ ቁልቁለቱ ከተጀመረ ሦስተኛው የግራ መታጠፊያ ላይ፣ ባለፈው ሐሙስ በቆመችበት። አታስልም፣ አትንገጫገጭም፣ ዝም ነው የምትለው። ሞተሩ ጠፋ፣ የነዳጁ መርፌ ወደቀ፣ ጡሩምባው እምቢ አለ። ፍሬኑን በሁለት እግሬ ረግጬ ገደሉ አፍ ላይ አቆምኳት።

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትኩ። ያው ፊውዙ ተቃጥሏል። አዲስ ከተትኩላት፣ ቁልፉን አንዴ ስጠመዝዘው ተነሳች፣ ምንም እንዳልሠራ ሰው። ደግማ እንዳትቆምብኝ ፈርቼ ለአዲ አርቃይ የጫንኩትን ክትባት ሳላደርስ አዙሬ ወደ ደባርቅ ተመለስኩ። ሽቅቡን ስትወጣ አንድም ጊዜ አላስቸገረችኝም። አንቺ ምቀኛ! ይቺን አሮጌ ፒካፕ ሁለት ዓመት ነድቻታለሁ፤ ዘይቷን ከራሴ ምሳ በፊት ነው የማየው፤ ውለታዬ ይኼ ነው?

ጓድ ፈለቀ ወዲያው አስጠራኝ። የጤና ጣቢያችን አስተዳዳሪ ነው። ቁጭ በል አላለኝም።

«ሁለት ጊዜ፣ አንድ መኪና፣ አንድ ቦታ» አለ እስክሪብቶውን እየከፈተ እየዘጋ። «ከዚያ መታጠፊያ ቁልቁል ማን እንዳለ ታውቃለህ?»

«ገደል ነው ያለው፣ ጓድ» አልኩት። አፌ መቼ ዝም ይላል!

አልሳቀም። ወንበዴ ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። መኪናዋን ሆን ብዬ እያቆምኩ ለታች ሰዎች ምልክት እሰጣለሁ ብሎ ጠርጥሯል። ቅዳሜ ራሱ ክትባቱን ይዞ አዲ አርቃይ ሊወርድ ነው። እስከ ዓርብ የምትቆምበትን ምክንያት በጽሑፍ አምጣ አለኝ። «ምክንያት ከሌለው አሻጥር ነው። ለጎንደር እጽፋለሁ።»

አምና የመድኃኒት ክፍሉን ሠራተኛ «ለጎንደር እጽፋለሁ» ብሎት ነበር። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች መጥተው ወሰዱት። ኮቱ እስከ ዛሬ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የሚያወርደው ሰው ጠፋ።

የግቢው ዘበኛ አያ ዘለቀ በሩን ሲከፍቱልኝ ፊቴን አዩና «ና እሳት ሙቅ፣ ምን ሁነህ ነው እንዲህ የጠቆርህ?» አሉኝ። ደከመኝ ብዬ ወደ ክፍሌ ገባሁ። ማታ ማታ ይጠሩኛል፤ ማታ ማታ ደከመኝ እላለሁ።

የማውቀው፦ ፊውዙ ይቃጠላል። ስለዚህ አንድ ቦታ ሽፋን የሌለው ሽቦ ብረት እየነካ ነው።
የማላውቀው፦ የት። ለምን ቁልቁለት ላይ ብቻ።
ያለኝ ጊዜ፦ አራት ቀን።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 10

ከጠዋት ጀምሮ ሆዷ ውስጥ ነበርኩ። ያየሁትን ልጻፍ፣ ኋላ ላይ እንዳልረሳ፦

ባትሪ፦ ውኃው ሙሉ ነው። ራሶቹን በሙቅ ውኃ አጠብኩ፣ ፍቄ መልሼ አጠበቅኩ።
ማሳ (ከባትሪው ወደ ሻንሲው የሚሄደው ወፍራም ሽቦ)፦ ዝጎ ነበር፤ ፈትቼ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት። ደህና ነው።
ዲናሞ፦ ይሞላል።
ኮይል፣ ፑንቲና፣ ካንዴላ (ለሞተሩ እሳት የሚሰጡት)፦ ደህና።
ጡሩምባ፦ ነቅዬ ጣልኩት፤ ለማን ነው የምነፋው።

ሞተሩን አስነስቼ አንድ ሰዓት ሙሉ ግቢው ውስጥ አቆየኋት። አትጠፋም! ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየያዝኩ ወዘወዝኩ። አትጠፋም። ዳባት ድረስ ነድቼ መለስኳት፣ በዚያ ሜዳማ መንገድ እንደ ሙሽራ መኪና ነው የሄደችው። ስመለስ ጓድ ፈለቀ በረንዳው ላይ ቆሞ «ግቢ ውስጥና ዳባት ትሄዳለች፤ ሊማሊሞ ስትደርስ ብቻ ነው የምትታመመው» አለኝ። እኔም ያስጨነቀኝ እሱ ነው፤ ግን እንዴት አድርጌ ልንገረው? የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ጎንደር ያለ ባለሙያ ቢያያት ይሻል ነበር። ይፍቀዱልኝ ብዬ ጠየቅሁ። «ጎንደር? ማን አብሮህ ይሄዳል?» አለኝ። ተውኩት።

ሻይ ቤት ገባሁ። ሁለት የማውቃቸው የጭነት መኪና ሾፌሮች ማዕዘኑ ላይ ተቀምጠዋል። ስገባ ወሬያቸው ተቋረጠ። «እንደምን ዋላችሁ» አልኩ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ሻያቸውን እያዩ። ገና ግማሹን ሳይጠጡ ተነሡ። ወሬ ከመኪና ይፈጥናል። የኔን ሻይ ጨረስኩት፣ ከዚያም ሌላ አዘዝኩ፣ ለምን እንዳዘዝኩ እንጃ። ብቻዬን ተቀምጬ መነሳት አፍሬ ይመስለኛል።

እናቴ በሕይወት ብትኖር ዛሬ ደብዳቤ እጽፍላት ነበር። ደብረ ብርሃን ሆና በጎረቤት እጅ እያስጻፈች በወር አንዴ ትልክልኝ ነበር፤ በዚህ ዓለም ደብዳቤ የሚጽፍልኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ሰኔ ላይ ሞተች። የሰማሁት ከተቀበረች በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከዚያ ወዲህ የምጽፈው እዚህ ነው፣ ባለቀ የስምሪት ደብተር ጀርባ ላይ።

ልገባ ስል አያ ዘለቀ አስቆሙኝ። እፍኝ ትኩስ የገብስ ቆሎ እጄ ላይ አፍስሰው «እስቲ ንገረኝ» አሉ፣ «ስትወርድ ነው ስትወጣ የምትለግመው?»

«ስወርድ ነው።»

«ስትወርድ ብቻ?»

«ስወርድ ብቻ።»

«እንግዲያማ ጭነቷ ነው» አሉ። ዘበኛ ከመሆናቸው በፊት ዕድሜያቸውን ሙሉ በበቅሎ እህል ከበየዳ ደባርቅ ሲያመላልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። በቅሎ ቁልቁለት ላይ የምትለግም ከሆነ ጭነቷ ወደ ፊት ሸርተት ብሎ ትከሻዋን ነክቷታል ማለት ነው አሉኝ። ሜዳ ላይ ስታያት ምንም የላትም። «ውስጧ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። እሱን ፈልግ።»

«አያ ዘለቀ፣ መኪና እኮ በቅሎ አይደለችም» ብዬ ሳቅሁባቸው።

ቅር ሳይላቸው አልቀረም። ጥር ላይ ተስቦ ይዞኝ ሦስት ቀን ራሴን ስስት እሳቸው ናቸው ውኃ ያጠጡኝ ይባላል። እኔ የማስታውሰው የጋቢያቸውን የጭስ ሽታ ብቻ ነው። ቢሆንም አብሬያቸው አልተቀመጥኩም። ሰው ስለምድ ይሄድብኛል ብዬ ነው መሰል።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 11

ዛሬ ሞኝነት ሠራሁ። ለሰው የማልናገረውን ለደብተሬ ልናገር።

ፊውዝ ሊያልቅብኝ ነው። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ለቅዳሜ ልደብቅ ብዬ የተቃጠለውን በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልዬ ከተትኩት። የሾፌር ሁሉ ብልሃት ነው፤ ማን ያላደረገው አለ? ፊውዙ እንዳይቃጠል ካደረግኩ አትቆምም፣ ካልቆመች ከጎንደር ደብዳቤ ዳንኩ ብዬ። ብልጥ!

ሊማሊሞ ወረድኩ፣ ባዶዬን። አንደኛው መታጠፊያ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው… አልቆመችም! «እሰይ!» ብዬ መሪውን ሳምኩት። ከንፈሬን ሳላነሳ ጭስ ሸተተኝ። ከመሪው ፊት ካለው ሰሌዳ፣ ከክሩስኮቱ ሥር ሰማያዊ ጭስ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ፊውዙ አልቃጠል ሲል ሽቦው ተቃጠለ፤ የሚቃጠል ነገር መቼም አይጠፋም። ድንጋይ ጎማዋ ሥር ወርውሬ፣ ኮፈኑን ከፍቼ፣ የባትሪውን ራስ በባዶ እጄ መንጭቄ ነቀልኩት። ሁለት ጣቴ ተላጠ። ትንሽ ብዘገይ ዛሬ የምጽፈው ሰው አይኖርም ነበር።

ከዚያ ተቀመጥኩ። ታች ያለው አገር ሁሉ ጭጋግ ለብሷል። አንድ የሕዝብ አውቶቡስ ሽቅብ እያቃሰተ መጣ። ሾፌሩን አውቀዋለሁ፤ ሲያልፍ ጡሩምባ ሳይነፋልኝ ሄዶ አያውቅም፣ ስንት ቀን ጎማ አብረን ቀይረናል። እጄን አነሳሁ። አየኝ። መስተዋቱን ዘጋና አለፈ። አልፈርድበትም፣ እሱም ልጆች አሉት። ግን እንባዬ መጣ። የጭሱ ነው ብዬ ልጽፍ ነበር፤ የጭሱ አይደለም።

ሲረጋጋልኝ የተቃጠለውን ሽቦ በጣቴ ተከተልኩት። ከባትሪው ተነሥቶ በፊውዙ በኩል ወደ ቁልፉ ይሄዳል፤ እዚያ ድረስ ቀልጧል። ከቁልፉ ወደ ኮይል የሚወጣው ግን ደህና ነው። ስለዚህ በሽታው ከሞተሩ በኩል አይደለም፣ ከክሩስኮቱ ጀርባ፣ በቁልፉ አካባቢ ነው። ሞኝነቴ ቢያንስ ይኼን አሳይቶኛል።

የተቃጠለውን ቆርጬ ከጡሩምባው በነቀልኩት ሽቦ ቀጠልኩና በማጣበቂያ ናስትሮ ጠቀለልኩት። ከመጨረሻዎቹ ሁለት ፊውዞች በአንዱ ወጣሁ። ስመለስ አያ ዘለቀ ጣቴን አዩት። የእሬት ቅጠል ሰንጥቀው ቀቡኝ። እጄን ሰው ከነካው ስንት ጊዜ ሆነው?


ሐሙስ፣ ጥቅምት 12

ሁሉንም ልጻፈው።

አያ ዘለቀ ለሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ሄደው ስለነበር በሩን ራሴ ከፍቼ ወጣሁ። ዛሬ በጭንቅላቴ ነው የሠራሁት። ማታ ተኝቼ የሳቸው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ፦ ውስጧ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ። መኪና በቅሎ አይደለችም፤ ግን ቁልቁለትስ ቁልቁለት አይደለም እንዴ? ሜዳ ላይ ምንጊዜም አላገኘውም። ልክ በምትታመምበት ቦታ ነው መፈለግ ያለብኝ።

ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ አፍንጫዋን ቁልቁል አድርጌ አቆምኳት። ከአራቱም ጎማ ሥር ድንጋይ። በፊውዙ ምትክ ሁለት ሽቦ ያለው ትንሽ አምፖል ሰካሁ። ኮይሉን ነቀልኩ። ቁልፉን ከፈትኩ። ሽቦው ብረት ካልነካ አምፖሉ አይበራም፤ ከነካ ይበራል፣ ምንም አይቃጠልም። ይኼን ብልሃት ሰኞ ባስበው ኖሮ ጣቴም ባልተላጠ።

አምፖሉ ጨለማ። የቀኙን ጎን ይዤ መኪናዋን እንደ እንቅልፋም ሰው ወዘወዝኳት። አንዴ፣ ሁለቴ። ብልጭ!

«አገኘሁሽ!» ብዬ ጮህኩ። ገደሉ መለሰልኝ።

ጋቢናው ውስጥ በጀርባዬ ተኝቼ እጄን ከክሩስኮቱ ጀርባ ሰደድኩ። በሞተሩ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ የቁልፉ ሽቦዎች የሚገናኙበት ብሎን አለ። የጎማ ቆብ ነበረው። ነሐሴ ላይ ዝናብ ገብቶበት ሳደርቀው ቆቡን አውልቄ… መልሼዋለሁ? አልመለስኩትም። የኔ ጥፋት፣ እሺ። ግን የተራቆተ ብሎን ብቻውን ምንም አያመጣም፤ የሚነካው ነገር ያስፈልገዋል። እጄን ከፍ ሳደርግ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ጣቴን መታውና ተወዛወዘ።

በቀጭን ብረት ሽቦ ከክሩስኮቱ ማገር ላይ የተንጠለጠለ ነገር ነው። ፈትቼ አወጣሁት። የጥይት ቀለህ! የትልቅ መሣሪያ፣ ጣቴን የሚያህል ናስ፣ አፉ በሰም የተደፈነ። ሜዳ ላይ ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ ይቀመጣል። ቁልቁል ሲሆን ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ወደ ቀኝ ይወረወርና ብሎኑን ይመታል። ናሱ ብሎኑን ይነካል፣ የተንጠለጠለበት ሽቦ ደግሞ ሻንሲውን። ፊውዙ ምን ያድርግ!

ደስታዬ አንድ ደቂቃ አልቆየም። በመንግሥት መኪና ውስጥ የተደበቀ ቀለህ፣ በሰም የታሸገ፣ ውስጡ የሚንኮሻኮሽ ነገር ያለው! ጓድ ፈለቀ ቢያገኘው ምን ይላል? የሚስጥር ደብዳቤ ነዋ! እኔም ራሴ እንደዚያው ነው የመሰለኝ። አንድ ሰው አስቀምጦብኝ ነው፣ ሊያስበላኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ማን ይጠላኛል? ማን ያውቀኛል እንኳን፣ ይጠላኝ? ገደሉ ጫፍ ሄጄ ክንዴን አነሣሁ ልወረውረው።

አልወረወርኩትም። ማወቅ ፈለግሁ። ሰሙን በጥፍሬ ፈለቀቅሁት። የተጠቀለለ ጠባብ ብራና ወጣ። ጥቁር ቀለም፣ መሐል መሐሉ ላይ ቀይ። ግእዝ ነው። ክታብ! ልጅ ሆኜ ዳዊት ደግሜያለሁና መጨረሻውን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ፦ «አድኅኖ ለገብርከ ክንፈ ገብርኤል»። ባሪያህን አድነው ማለት ነው፤ ስሙ በቀይ።

ክንፈ ገብርኤል እኔ ነኝ።

በስሜ በላቸው ብሎ የሚጠራኝ ብዙ ነው። ሾፌሩ የሚለኝ ደግሞ ከተማው ሁሉ። የክርስትና ስሜን ግን የሚያውቅ ሰው ደባርቅ ውስጥ የለም። በዚህ ስም የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ነበረች፣ እሱንም ስታመም። መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ለአፍታ እሷ የላከችው ነው የመሰለኝ፤ ሰኔ ላይ መሞቷን ረስቼ።

ኋላ ነው ትዝ ያለኝ። ጥር። ትኩሳቱ። የጋቢው የጭስ ሽታ፣ አንድ ድምፅ ጆሮዬ ሥር፦ «ስመ ክርስትናህ ማነው፣ ልጄ? ለጸሎት ነው፣ ንገረኝ።» መልሼላቸው ኖሯል።


ዓርብ፣ ጥቅምት 13

ጠዋት በሩ ላይ አገኘኋቸውና ቀለሁን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። ስለመውደድም ስለማመስገንም ላወራ ነበር ያሰብኩት፤ ከአፌ የወጣው «ሊገድሉኝ ነበር እኮ!» ነው።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ብሎኑን፣ ፊውዙን፣ ጭሱን። ሰምተው ሰምተው ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። በቆዳ ማስለበስ የወጉ ነበር አሉ። ቆዳ ግን በዝናብ ይበሰብሳል፣ አይጥም ይበላዋል፤ ናስ ይሻላል ብለው በድሮ ቀለህ አስገቡት። የማተብ ክርም ይበጠሳል ብለው በሽቦ አሰሩት። ክታቡን ያስጻፉት ደብተራ ጽፎ የጨረሰው ለመስቀል ስለነበር፣ በመስቀል ማግስት እኔ ሳላይ ሰቀሉት። እኔ ደግሞ ከመስቀል ወዲህ ሊማሊሞን ክትባት ይዤ የወረድኩት ያን ሐሙስና ሰኞን ብቻ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ቆመች።

«አንገትህ ላይ እሰር ብዬ ብሰጥህ ታስራለህ?» አሉኝ።

«አላስርም ነበር።»

«አየህ!»

ከዚያ «ልጄ ለዘመቻ ሲወሰድ ሳላስጽፍለት ሄደ» አሉ። «ወሬው ጠፋ። ላንተም ሳላስጽፍ እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው።» ይኼን ብለው ተነሡና ጋቢያቸውን አጣፉ። «በል እኔ ለጓድ ፈለቀ እነግረዋለሁ። የሰቀልሁት እኔ ነኝ እለዋለሁ። አንተን አይወስዱህም።»

ሮጬ ፊታቸው ቆምኩ። ቀለህ፣ ብራና፣ የመንግሥት መኪና፣ ልጁ ወሬው የጠፋ ዘበኛ! ማን ያምናቸዋል? «አያ ዘለቀ፣ በሞቴ! እርስዎ ምንም አያውቁም። ምንም!» አልኳቸው። ድምፄ ራሴን እንኳ አስደነገጠኝ።

ከዚያ ክፍሌ ገብቼ ማብራሪያውን ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። መጀመሪያ «ባዕድ ብረት ተገኝቷል» ብዬ ነበር፤ የታለ ብረቱ ይለኛል። ቀጥሎ «ምክንያቱ ሽቦው ስላረጀ» አልኩ፤ ያረጀ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አያቆማትም። በመጨረሻ እንዲህ ጻፍኩ፦ «በነሐሴ ወር የቁልፉን ሽቦ ሳደርቅ የብሎኑን የጎማ ክዳን በራሴ ቸልተኝነት አልመለስኩም። በቁልቁለቱና በመታጠፊያው ጊዜ ብረት እየነካ ፊውዙን ሲያቃጥል ቆይቷል። ክዳኑን ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪ ቆርጬ መልሻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።» ውሸት የለበትም። የጎደለ ግን አለበት።

ጓድ ፈለቀ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«የጎማ ክዳን» አለ።

«አዎ ጓድ።»

«አንድ ሰው ለጎማ ክዳን ብሎ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ሲጽፍ አይቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ ጥፋቱን ወደ ዕቃው ነው የሚገፋው።» ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ አየኝ። «ነገ እኔ ጎንህ ነኝ። ካለፈች ቸልተኝነት ነው፣ ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሃል። ከቆመች ግን ይኼን ወረቀት ከሌላ ወረቀት ጋር አያይዤ እልከዋለሁ።»

ቀለሁን የት ላድርገው? ማቃጠል አለብኝ። ብራናው ቀይ ስሜን ይዟል፣ እንዴት አቃጥለዋለሁ። መቅበር? ከሰዓት በኋላ ይኼንኑ ሳስብ ዋልኩ። መጨረሻ ላይ ብራናውን መልሼ ከተትኩ፣ አፉን በሰም ደፈንኩ፣ ቀለሁን በካላማዳሪ ሦስት ዙር ጠቀለልኩና በናስትሮ አሰርኩት፤ ከዚያም እንዳይወዛወዝ ማገሩ ላይ ጥርቅም አድርጌ አጣበቅሁት። ጥቁር በጥቁር ነው፣ የሽቦ እጥፋት ነው የሚመስለው። እብድ ነህ በሉኝ። የሚያስከስሰኝንም የሚጠብቀኝንም ነገር እዚያው ሰቅዬ ነገ ልሄድ ነው። ጥዬው መሄድ ግን አልቻልኩም። ከእናቴ በኋላ በዚህ ስም የጠራኝ ሌላ የለም።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 14

ተመልሻለሁ። በእግሬ ገባሁ፣ በራሴ ክፍል፣ በራሴ ወንበር። ከዚህ ይጀመር።

ጠዋት ጓድ ፈለቀ ክትባቱን ኋላ አስጭኖ ጎኔ ተቀመጠ። አያ ዘለቀ በሩን ሲከፍቱ ወደኔ አላዩም፤ ከንፈራቸው ግን ይንቀሳቀስ ነበር።

አንደኛው መታጠፊያ። ሁለተኛው። ጓድ ፈለቀ እጁን በሩ ላይ አደረገ፣ ዘሎ ለመውረድ ይመስላል። መጥፎ ሰው ብቻ ነው ብዬ ስጠላው ኖሬ እሱም እንደኔ እንደሚፈራ አላሰብኩም ነበር። ሦስተኛው ላይ ስደርስ መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ። እስክሪብቶው ከደረት ኪሱ ወደቀና ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ጎንበስ አለ! ራሱ ክሩስኮቱ ሥር ገባ። እጄ መሪው ላይ ነው፣ ዓይኔ ገደሉ ላይ ነው፣ ጆሮዬ እሱ ላይ ነው።

«ይኼ ጥቁሩ ምንድን ነው?» አለ ከሥር።

«የተሸፈነው ነው፣ ጓድ። እሱ ነው ሲያስቸግር የነበረው።»

አልዋሸሁም፣ እግዜር ምስክሬ ነው። ትንሽ ቆይቶ እስክሪብቶውን ይዞ ቀና አለ። አቧራውን አራገፈ። «በደንብ ነው የጠቀለልከው» አለ። ነክቶታል? አይቶ ገብቶት ነው ወይስ ሳይገባው? እስከ አሁን አላውቅም። ቅንድቡን አይቼ ለመረዳት ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። መታጠፊያው ከኋላችን ቀርቶ ነበር። ሞተሩ አሁንም ይሠራል። አራተኛው፣ አምስተኛው… ታች እስክንደርስ መቁጠሬን አላቆምኩም።

አዲ አርቃይ ክትባቱን አወረድን። ስንመለስ ሽቅቡን ወጣችው። ደባርቅ ሲታይ ጓድ ፈለቀ «ማስጠንቀቂያው ግን ይጻፋል» አለኝ። «ይጻፍ፣ ጓድ» አልኩት። የምሬን ነው። ፋይሌ ውስጥ ይቀመጣል፣ ቀን ጠብቆ ይወጣብኝ ይሆናል። ለጎንደር ጽፎ እንደሁም አላውቅም። ሁለት ሰዎች ሲመጡ ብቻ ነው የሚታወቀው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መኪናዋን አቆምኩ፣ ኮፈኗን መታ መታ አደረግሁና ቁልፉን አስረከብኩ። አያ ዘለቀ ከጎጇቸው ደጃፍ ቆመዋል፤ ውስጥ እሳት ተያይዟል። ሲያዩኝ ፊታቸውን ወደ ቅጥሩ መለሱ፣ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። ዛሬ አልጠሩኝም። ከትናንቱ በኋላ የምመጣ አልመሰላቸውም መሰለኝ።

ክፍሌ ደርሼ በሩን ከፈትኩ። ይኼን ደብተር አወጣሁ። ጻፍኩ እስከዚህ ድረስ። ብርድ ነው። ግድግዳው ላይ የማንም ፎቶ የለም፣ አልጋው ላይ ማንም የለም፣ ይኼንን ሁለት ዓመት አይቼዋለሁ። ወደ እሳቱ ልሄድ ነው።

ሄጄ መጣሁ፤ ቀሪውን በፍጥነት ልጻፍ፣ ዓይኔ እየተከደነ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ምን እንደምል ጠፋኝ። «አያ ዘለቀ፣ መኪናዋም እንደ በቅሎ ናት» አልኳቸው።

ሳቁ። ከመደቡ ላይ አጎዛውን ወደኔ ገፉት። ከዚያ እናቴ ስታመም እንደምትለኝ አድርገው፣ ቀስ ብለው፣

«ክንፈ ገብርኤል፣ ግባና በሩን ዝጋው፤ ብርድ ይገባል» አሉኝ።